ከጋሸና ወዲያ፤ የላስታ ሰው እንጀራ ፍለጋ

ከላሊበላ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጋሸና ላይ ከዋናው መንገድ ይገናኛል። ወደ ግራ የታጠፈ ወልድያንና ደሴን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ወደ ቀኝ የታጠፈ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ጎንደር ይደርስና መተማና ሑመራ ይወርዳል። ዋናውን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለሠሩት የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ላስታ ሲነሣ የሚወራው ብዙ ጊዜ ወደዚያ ስለሚመጣው ነው፤ ለገና ስለሚጎርፈው ምእመን፣ ካሜራ አንግቶ ስለሚዞረው ቱሪስት። ሚስትና ልጆቹን ትቶ በዚሁ መንገድ ስለሚወጣው የላስታ ሰው ግን ብዙም አይወራም።

ከቤት መውጣትማ ድሮም ነበር። የአብነት ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር ይዞራል፤ ጎረቤት ዋድላ የቅኔ አገር ስለሆነች ወደዚያ የሚመጣውም ብዙ ነበር። ተማሪ ግን ትቶ የሚሄደው እናቱን እንጂ ሚስቱን አይደለም። ወታደሩም ቢሆን ብቻውን አይዘምትም ነበር። የዋግና የላስታው ገዥ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሲሆኑ የተከተላቸው ጭፍራ በዘመኑ ልማድ ሴቶቹንም አስከትሎ ነበር የሚጓዘው። ስንቁን ማን ሊያዘጋጅ ኖሯል?

ክፉ ቀን የተባለው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረኃብ፣ በኋላም የ1965 እና 66ቱ፣ የላስታን ሰው ከቀዬው ነቅለዋል። በ1965 እና 66 ብዙ የወሎ ገበሬ እህል ፍለጋ ወደ ደሴና መቀሌ አውራ ጎዳና ወርዶ መንገድ ዳር ሰፍሯል። ይህ ግን ስደት ነው፤ ቤት ተዘግቶ ነው የሚወጣው። ሥራ ፍለጋ የሄደ ሰው ቤት ምድጃው አይጠፋም፤ ሚስት ትቀራለች፣ በሬው ይቀራል፣ የቅሬው መዋጮም በስሙ ይከፈላል።

ይህኛው አካሄድ የተስፋፋው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በ1950ዎቹ ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በታችኛው አዋሽ ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ ሲያለማ፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ባለ ትራክተሮች ሰቲት ሑመራ ላይ ሰሊጥና ማሽላ ማምረት ያዙ። ሁለቱም ቆላ፣ ሁለቱም ሰው የሳሳባቸው አገሮች ስለነበሩ ለለቀማና ለአጨዳ የደገኛ ጉልበት ፈለጉ።

ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ መሆን እንደ ጀመረ፣ የታችኛው ፍሬ አፉን ሳይከፍት መታጨድ አለበት፤ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው በነዶ ታስሮ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ባለ እርሻው አጫጁን ይለምናል፤ ሳምንታቱ ሲያልፉ አጫጁ ባለ እርሻውን ይለምናል። አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን የላስታ ገብስና ስንዴ በብዛት የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ገበሬው ሁለቱን አስልቶ ይወጣል፣ ለራሱ አጨዳ ይደርሳል፣ ለገና ልጆቹን ያለብሳል። ስሌቱ የማይሠራው ለአረም ከሄደ ነው። የሰሊጡም የእህሉም አረም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስለሚገጥም ማሳው በሚስቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እሷ ጅጌ ጠርታ ታሳርማለች፤ ጅጌ የሚመጣው ደግሞ ጠላና እንጀራ ላዘጋጀ ነውና ባሏ ሊያመጣ ከሄደው ገንዘብ ገና ሳይገባ ወጪ ይጀምራል።

ቆላው ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ከደጋ የወረደ ሰው ወባን የሚቋቋም አካል የለውም። ከዚያ የባሰው ካላዛር ነው፤ በሽታውን የምታስተላልፈው አሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥና በግራር ሥር ትራባለች፣ የቀን ሠራተኛው ደግሞ የሚተኛው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ብዙዎቹ ሕመሙ የሚገለጥባቸው አገራቸው ከገቡ በኋላ ስለሆነ አስታማሚዋም ያችው ሚስት ናት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛን ነፃ ማውጣቱ ሲወደስ ኖሯል፤ ይገባዋልም። ያው አዋጅ ግን፣ ከአቅመ ደካሞችና ጧሪ ከሌላቸው በስተቀር፣ ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ከልክሏል፤ ትላልቅ እርሻዎችንም ወርሷል። የላስታ ገበሬ በአንድ አዋጅ መሬት አገኘ፣ ለወራት ሄዶ የሚቀጠርበትን የግል እርሻም አጣ። በ1977ቱ ረኃብ መንግሥት ሌላ ዓይነት ጉዞ አዘዘ፤ 600,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተጫነ። ባል በአንድ ካሚዮን ሚስት በሌላው የሄዱበት፣ ገበያ የወጣ በዚያው የተወሰደበት ጊዜ ነበር። የሰፋሪዎቹ ነገር አሁንም አልተዘጋም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ ከተጨፈጨፉት ብዙዎቹ በዚያ ዘመን ከወሎ የሄዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰሊጡ ተመለሰ፣ አጫጁም ተመለሰ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ፣ ሰሊጡ ገና ተሰብስቦ ሳያልቅ፣ የትግራይ ጦርነት ሑመራ ደረሰ። ማይካድራ ላይ ከተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች ብዙዎቹ ለቀን ሥራ የሄዱ ነበሩ።

በዚህ ሁሉ መሐል የላሊበላ ከተማ የተለየ ዕድል ነበራት። ከ11 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናቷ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። አውሮፕላን ማረፊያ አገኘች፣ ሆቴል በሆቴል ላይ ተሠራ። በላስታ ታሪክ ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወጣት ከአገሩ ሳይወጣ የሚያድርበት ሥራ ተገኘ፦ አስጎብኚ፣ ሹፌር፣ አስተናጋጅ፣ ጫማ ጠባቂ። ከመንደር የወጣ ልጅ ላሊበላ ሲቀር እናቱ ቅዳሜ ለገበያ መጥታ ታየዋለች።

ያ እንጀራ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቴ ተመታ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገባና ቱሪስቱ ቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ ስልክ፣ መብራት፣ ባንክ ተቋረጠ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ከረመች። ሰላም መጣ ሲባል በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በፋኖና በመከላከያ መካከል እዚያው ከተማ ውስጥ ውጊያ ሆነ። እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ የቤተ ጊዮርጊስን ልኬት በቃሉ የሚያውቅ አስጎብኚ ጋሸና ላይ ወደ ግራ ታጥፎ አዲስ አበባ ገባ። እዚያ ቋንቋው ብዙም አይፈለግም፤ ግንባታ፣ ጥበቃ፣ ዕቃ ማውረድ ነው ያለው። ከአገር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ፍራሽ ይጋራል፣ ከኪራይና ከምግብ የተረፈችውን ይልካል።

የመላኪያው መንገድ ግን ተለውጧል። ድሮ ገንዘብ የታመነ መንገደኛ እስኪገኝ ይቆይ ነበር፤ ደብዳቤውም «ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ጀምሮ ስንት ብር እንደ ተላከ በመናገር ያልቃል፣ እንዳይጎድል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር በደቂቃ ይደርሳል። የሰሊጥ አጫጁ ሚስት ባሏ መቼ እንደሚመለስ ታውቅ ነበር፣ ሰብሉ ይነግራታል። የአስጎብኚው ሚስት ግን በየቀኑ ድምፁን ብትሰማም የመመለሻውን ወር አታውቅም፤ የከተማ ሥራ አጨዳ የለውም። በእኔ ሚዛን ይህ ከሁሉም ይከፋል፤ መሬቱን ለእኩል ትስጥ ወይስ ትጠብቅ፣ በሬውን ትሽጥ ወይስ ታቆይ፣ የምትወስንበት ነገር የላትም።

እዚህ ላይ መንግሥት ሊያቀለው የሚችል አንድ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ አቁሟል። የማኅበረሰብ ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ስለሆነ ከሰሊጡ ወራት ጋር አይጋጭም። ሆኖም ርቆ የሄደ አባወራ «የለም» ተብሎ ስሙ እንዳይሰረዝ ይፈራል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሥራ እያለ አይሄድም፣ የሄደውም መሄዱን ይደብቃል። መዝገብ የያዛችሁ የቀበሌና የወረዳ ሰዎች፣ ሄዶ የሚልክ አባወራ ቤቱን የጣለ አይደለምና ስሙን አትሰርዙ፤ የሚስቱንም ስም ከጎኑ ጻፉ፣ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት።