በፒችትሪ ጎዳና የቀረበ ውሃ

አትላንታ ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ እንዲህ ባለ ቀን፣ በፒችትሪ ጎዳና የሚያልፉ ሰልፈኞች ሚድታውን ሲደርሱ፣ የቅዱስ ማርቆስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከግራናይቱ ሕንጻ ደጃፍ ቆመው ጠበቋቸው። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን በኩል የለመዱት ውግዘት ነበር። የተዘረጋላቸው ግን ኩባያ ውሃ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውሃ ሲሰጥ ምን ማለት እንደሆነ ጸበል ለሚያውቅ ሰው አይነገረውም።

የዚያን ውሃ ክብደት የሚያውቅ የ1972ን ነገር የሚያስታውስ ነው። በዚያ ዓመት የተባበሩት ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ የተቀመጠው እዚያው አትላንታ ነበር። ከጉባኤተኛው መካከል በተነሣ ማሻሻያ፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ከክርስትና ትምህርት ጋር አይስማማም የምትል ሐረግ የቤተ ክርስቲያኒቱ መመሪያ ውስጥ ገባች።

ሐኪሞቹ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ቀድመው ከአቋማቸው ተመለሱ። በ1973 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነትን ከሕመም ዝርዝሩ ሰረዘ። ውግዘት በሰው ላይ የሚያደርሰው ሕመም ግን ገና ስም አልነበረውም። በ1993 የሚሲዮናውያን ልጅ የሆነችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሊን ዊኔል ጥብቅ እምነትን ለተዉ ሰዎች መጽሐፍ አሳተመች፤ በ2011 ደግሞ ለሕመማቸው «የሃይማኖት ቁስል» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣችለት።

ስሙ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው እምነቱን ቢተው ፍርሃቱ አብሮ አይወጣም፤ ገሃነም የለም ብሎ የቆረጠ ሰው ሌሊት ላብ አጥምቆት ይነቃል፣ የልጅነቱን መዝሙር ሲሰማ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሕክምናው ታዲያ የዶግማ ክርክር አይደለም። ታካሚው የተባለውን፣ ማን እንዳለው፣ ያኔ ስንት ዓመቱ እንደነበር በራሱ ጊዜ ይናገራል፤ ባለሙያው ሳይቸኩል ያዳምጣል። በልጅነቱ እንዲያ ያዳመጠው ሰው አልነበረም።

ሁሉም ግን ከቤተ ክርስቲያን መራቅ አልፈለገም። ምእመናኗ ተመናምነው የነበረችው ቅዱስ ማርቆስ ከዚያ ውሃ በኋላ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሞላች፤ አባላቷ ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ። ሐረጓ ግን በመመሪያው ውስጥ እንዳለች ነበረች፤ በየእሑዱ ከነሕመሟ ይቀደስ ነበር።

ሜይ 2 ቀን 2024 ሻርሎት ከተማ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ሐረጓ በ523 ድምፅ ለ161 ተሰረዘች። አትላንታ ላይ ስትጻፍ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው፣ በዚያ ቀን 72 ዓመቱ ነበር።