ከወንጌል ኅዳግ እስከ ዲስክ መደርደሪያ፤ ስለ ላስታ መዛግብት አጠባበቅ

በላስታ ደጋ ከአለት ስለ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት አሠራር ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። በዚህ አጭር ጥናት ለመመርመር ያሰብነው ግን በውስጣቸው የተቀመጡት መዛግብት እንዴት እንደ ተጠበቁ ነው። ጥያቄያችንም፦ አንድ ጽሑፍ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ሳይጠፋ የሚቆየው የተቀመጠበት ስፍራ ጽኑ ስለ ሆነ ነውን? ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? የሚል ነው። ነገሩ የጥንት ብቻ መስሎ እንዳይታይ፥ ዛሬ የብራና መጻሕፍት ምስል የሚከማችበትን መሣሪያ አሠራርም ጨምረን እንመለከታለን።

፩ኛ፤ የወንጌል ኅዳግ

በዛጔ ነገሥታት ዘመን ንጉሥ ለቤተ ክርስቲያን ጕልት ሲሰጥ፥ የስጦታው ቃል በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ወይም ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወንጌል ከሌላው መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ በክብር ይጠበቃል፤ በድፍረት የሚፍቀው አይገኝም፤ በቃሉም መጨረሻ ስጦታውን የሚለውጥ ሰው የተወገዘ እንዲሆን ይጻፋል። በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል ውስጥ የንጉሥ ላሊበላ የስጦታ ቃል ይገኛል። እንዲሁም ዛሬ በኤርትራ ምድር ባለው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ወርቅ ወንጌል ውስጥ፥ እ.ኤ.አ. በ1225 የተጻፈ የዚሁ ንጉሥ ስጦታ ተመዝግቧል። የዚህን ወንጌል መዛግብት ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 አሳትሟቸዋል።

ከላስታ እስከ ሽመዛና ያለው መንገድ ሩቅ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ በአንዱ ደብር ላይ እሳት ወይም ዘረፋ ቢደርስ እንኳ የንጉሡ ቃል ፈጽሞ ከምድር አይጠፋም ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ ጽሑፉን የጠበቀው አንድ ብርቱ ቤት ሳይሆን በተለያየ ስፍራ መገኘቱ መሆኑን ነው።

፪ኛ፤ አለት ብቻውን አይበቃም

ቤተ መድኃኔ ዓለም ከአንድ አለት የተፈለፈለ ታላቅ ሕንፃ ነው፤ ከዚህ የሚጸና ዕቃ ቤት ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ አፍሮ አይገባ የተባለው ታላቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተሰርቆ ወደ ውጭ አገር ተወስዷል። በ1999 ሲመለስ ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበለው። መስቀል ግልባጭ የለውም፤ ከሄደ ሄደ ማለት ነው። መጽሐፍ ግን ቃሉ ሊቀዳ ስለሚችል ከመስቀሉ የተሻለ ዕድል አለው። ዕድሉ የሚፈጸመው ግን አስቀድሞ የቀዳው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ በሰፊው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፥ በአሜሪካ የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ የኮሌጅቪል ገዳም የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ከላሊበላ የተገኙትን ጨምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙም በአዲስ አበባና በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምረው እዚያው ሆነው የመጻሕፍቱን ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። በኋላ ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ምስል ተለወጡ፤ ዲጂታል ምስል ደግሞ የሚኖረው በዲስክ ላይ ነው።

፫ኛ፤ የዲስክ መደርደሪያው አሠራር

የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ዲስክ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ራማክ ሲሆን፥ 50 ትላልቅ ሰሌዳዎች ኖረውት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። በ1988 የበርክሌይ መምህራን ፓተርሰንና ካትስ ከተማሪያቸው ጊብሰን ጋር ሆነው፥ አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን ማስተባበር እንደሚሻል አስረዱ። ዘዴውም ሬይድ ተባለ።

በዚህ መሠረት የተሠሩት መካከለኛ ደረጃ ያላቸው ማከማቻዎች፥ ባለሙያዎች በአጭሩ ስቶሬጅ የሚሏቸው፥ በባንክና በዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። አሠራራቸውን በሦስት ነጥብ መግለጽ ይቻላል።

አንደኛ፥ መሣሪያው ኮንትሮለር የሚባሉ ሁለት አዛዦች አሉት። እያንዳንዱ ዲስክ ወደ ሁለቱም የሚወስድ መንገድ ስላለው፥ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይረከባል። ኤሌክትሪክ የሚያቀርቡት ፓወር ሰፕላዮችም እንዲሁ ሁለት ናቸው።

ሁለተኛ፥ የሚጻፈው ነገር ዲስክ ላይ ከመድረሱ በፊት በሁለቱም አዛዦች ሜሞሪ ይቀመጣል፤ «ተጽፏል» የሚለው መልስ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። መብራት ቢጠፋም ባትሪ ያድነዋል።

ሦስተኛ፥ መረጃው በብዙ ዲስኮች ተከፋፍሎ ሲጻፍ ፓሪቲ የሚባል የማመሳከሪያ ሒሳብ አብሮ ይጻፋል። በምሳሌ ብንናገር፥ በአንዱ ዲስክ 3፥ በሌላው 5፥ በሦስተኛው ድምሩ 8 ተጽፎ እንደ ሆነ፥ 5 ቢጠፋ ከ8 ላይ 3 ቀንሰን እናገኘዋለን። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክን፥ ሬይድ 6 የሁለት ዲስኮችን ጥፋት ይችላል። የሞተውንም ዲስክ ተጠባባቂው ይተካዋል።

ነገር ግን አንድ ስሕተት እንዳይደርስ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ድርብነት የሚጠብቀው ከዕቃ መሰበር ብቻ ነው። ሰው በስሕተት ፋይል ቢሰርዝ፥ መሣሪያው ስረዛውን በታማኝነት በሁሉም ዲስክ ይፈጽማል። ቤቱ ቢቃጠል ሁለቱም አዛዦች አብረው ይቃጠላሉ። መሣሪያው እንደ ቤተ መድኃኔ ዓለም አለት ነው፤ ጽኑ ነው፥ ነገር ግን አንድ ስፍራ ነው። ሽመዛና የሚሆነው በሌላ ከተማ የተቀመጠው ግልባጭ ነው።

፬ኛ፤ መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ2021 ላሊበላ በጦርነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፤ መብራትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መብራት የሌለው ስቶሬጅ ዝም ያለ ብረት ነው፤ ብራና ግን በመስኮት ብርሃን ይነበባል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይተካዋል ማለት አይገባም።

ደግሞም የላስታ ካህን የገዛ ደብሩን ወንጌል ምስል ለማየት ባሕር ማዶ ባለ ቤተ መጻሕፍት ላይ ብቻ የሚመካ ከሆነ፥ ግልባጩ ተቀመጠ እንጂ ለባለቤቱ ደረሰ አይባልም። በእኛ አስተያየት ብራናው በደብሩ፥ አንድ ግልባጭ በአዲስ አበባ፥ አንድ በውጭ አገር፥ አንድ ደግሞ እዚያው በሰሜን ወሎ፥ ለምሳሌ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ፥ ሊኖር ይገባል። የወንጌሉን ኅዳግ የመረጡት የጥንት ጸሐፊዎች ጥበብ ያስተማረን፥ ታማኝ ጠባቂና ከአንድ የበለጠ ስፍራ አብረው እንደሚያስፈልጉ ነው።