የአሜሪካ ደቡብ የዓሣ ማዕድ፤ አመጣጡና ባለቤቶቹ

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ደቡባዊ ክፍል፥ ይልቁንም በሚሲሲፒ፥ በአላባማ፥ በጆርጂያና በሁለቱ ካሮላይናዎች፥ «የዓሣ ጥብስ» ማለት የምግብ ስም ብቻ ሳይሆን የጉባኤም ስም ነው። ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ፥ ቤተ ክርስቲያን ለጣሪያዋ ማደሻ ገንዘብ ስትሻ፥ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ሕዝቡን ሊያነጋግር ሲፈልግ፥ በግቢ ውስጥ እሳት ይነድዳል፤ በስብ ወይም በዘይት የተሞላ ትልቅ የብረት ድስት ይጣዳል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ማዕድ ከየት ከየት ተሰባስቦ አንድ እንደ ሆነ፥ ደግሞም ስለ ምን የደስታ ቀን ምግብ ሆኖ እንደ ጸና ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አሠራሩን መግለጽ ይገባል። ዋናው ዓሣ በኢትዮጵያ አምባዛ ለሚባለው ሩቅ ዘመድ የሆነ፥ ቅርፊት የሌለውና በአፉ ዙሪያ እንደ ድመት ረዣዥም ጢም ያለው የወንዝ ዓሣ ነው። ቅርፊት ስለሌለው አይፋቅም፤ ቆዳው ይገፈፋል እንጂ። ከተቈረጠ በኋላ በአሬራ ተነክሮ ይቈያል፤ ከዚያም ጨውና በርበሬ በገባበት የበቆሎ ዱቄት ላይ ተንከባልሎ በጋለ ስብ ውስጥ ይጠልቃል። የስቡ ግለት ከ175 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባዋል፤ ከዚህ ቢያንስ ዱቄቱ ስቡን ይጠጣል፥ ቢበዛ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በሥራው የኖሩ ሴቶች ግን መለኪያ አይሹም። ቊንጥር ዱቄት ጣል አድርገው ሲንጫጫ ያዳምጣሉ፤ ዓሣው ወደ ላይ ሲንሳፈፍም ያወጡታል።

በዚያው ስብ ውስጥ ከበቆሎ ዱቄት፥ ከእንቁላል፥ ከአሬራና ከሽንኩርት የተለወሰ ሊጥ በማንኪያ እየተጣለ እንደ ብይ ክብ ሆኖ ይጠበሳል። ስሙ «ሐሽ ፓፒ» ሲሆን ትርጓሜው «ቡችላ ዝም በል» ማለት ነው። ከጐኑ በተጨሰ የአሳማ ሥጋ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ ኮላርድ የሚባል ጎመን፥ በኮምጣጤና በማዮኔዝ የተለወሰ ጥሬ ጥቅል ጎመን፥ የበቆሎ ቅንጬ፥ አንዳንድ ጊዜም ባሚያ ይቀርባል። ኮላርድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በዋሺንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአበሻ ጎመን ባጡ ጊዜ ለጎመን ወጥ የያዙት ይህንኑ ቅጠል ነውና።

ደቡባውያን ይህን ማዕድ አንድ ወጥ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ምግብ በየራሱ መንገድ የመጣ ነው። በቆሎ ከሜክሲኮ ተነሥቶ፥ አውሮፓውያን ከመድረሳቸው ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ፥ የቸሮኪ፥ የቾክታውና የክሪክ ነገዶች አባቶች እንጀራ ሆኖ ነበር። በአማርኛ በአንዳንድ አውራጃ «የባሕር ማሽላ» መባሉም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ እህል መሆኑን ያሳስባል። እነዚህ ነገዶች በቆሎውን በአመድ ውኃ ይቀቅሉ ነበር፤ ይህም ልጣጩን ከማላቀቁ በላይ በእህሉ ውስጥ ተይዞ ያለውን ኒያሲን የተባለ ቪታሚን ለሰውነት የሚጠቅም ያደርገዋል። በ1830 በወጣው ሕግ ምክንያት ብዙዎቹ ከአገራቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ ሲነዱ እህሉ ቀረ፤ ጥበቡ ግን በብዙ ቤት ጠፋ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደቡብ ድኾች ላይ የተነሣው ፔላግራ የተባለ በሽታ በብዙው ከዚህ የመጣ ነው። ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1914 ጀምሮ ሲመረምር በሽታው ተላላፊ ሳይሆን የምግብ ጉድለት መሆኑን አስረዳ፤ መድኃኒቱ ኒያሲን መሆኑ የታወቀው ግን በ1937 ነው።

ባሚያ ከአፍሪካ ነው። ኮላርድ በዘሩ የሜዲቴራኒያን ዳርቻ ተክል ሲሆን፥ ቅጠሉን አብዝቶ ቀቅሎ ውኃውንም እንደ መረቅ መጠጣት አፍሪካውያን ያጸኑት ልማድ ነው። ጥሬው ጥቅል ጎመን ከደች ሰፋሪዎች የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙም «የጎመን ሰላጣ» ከሚል የደች ቃል የወጣ ነው። ስለ ሐሽ ፓፒ የሚነገረው ተረት፥ አዳኞች ወይም ወታደሮች የሚጮኹ ውሾችን ዝም ለማሰኘት ይወረውሩት ነበር የሚለው፥ ደስ ያሰኛል እንጂ ማስረጃ የለውም። ይልቅስ በደቡብ ካሮላይና በኤዲስቶ ወንዝ ዳር፥ በባርነት የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊ ሮሜዮ ጎቫን፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለእንግዶች ዓሣ ሲጠብስ ተመሳሳዩን ሊጥ «ቀይ ፈረስ ዳቦ» በሚባል ስም ያቀርብ ነበር፤ ቀይ ፈረስ የአንድ ወንዝ ዓሣ ስም ነው። የተረቱ ውሻ በሁሉ አፍ ሲታወቅ የባለሙያው ስም ለረጅም ዘመን ተረስቶ ቈየ።

ወደ ዓሣው እንመለስ። በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ አምባዛ የድኻ ምግብ ነበረ፥ በኋላ ግን ከበረ የሚል ነው። ይህ አባባል ሁለት ዓይነት ዓሣ ያደባልቃል። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፥ በሜሪላንድ እርሱ ባደገበት እርሻ አንድ ባሪያ ለወር የሚሰፈርለት 8 ፓውንድ፥ ማለት 3.6 ኪሎ ግራም ያህል የአሳማ ሥጋ ወይም በልኩ ዓሣ፥ ከዚህም ጋር አንድ ቡሼል፥ ማለት 35 ሊትር ያህል የበቆሎ ዱቄት ነበር። የጆርጅ ዋሺንግተን ርስት በነበረው በማውንት ቨርነን ከፖቶማክ ወንዝ በመረብ የሚያዘው ሄሪንግ የሚባል ዓሣ በጨው ታሽቶ በበርሜል ይቀመጥና ለባሮቹ ይታደል ነበር። ይህ የስፍር ዓሣ ነው፤ መጠኑንም ቀኑንም የሚወስነው ጌታው ነው።

ሁለተኛው ግን በሌሊት ወይም በእሑድ በመንጠቆ የሚያዘው ትኩስ ዓሣ ነው። በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ በሩዝ እርሻዎች ሥራው በቁርጥ ይሰጥ ነበርና፥ ቁርጡን የጨረሰ ሰው የተረፈችውን ሰዓት ለጓሮውና ለወንዙ ያውላት ነበር። የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ግን ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ስለሚሠራ የቀረችው የቅዳሜ ማታና እሑድ ብቻ ናት። በማውንት ቨርነን የባሮች መኖሪያ በነበረው ቤት ምድር ቤት የተደረገው ቊፋሮ ብዙ የዓሣ አጥንት አውጥቷል፤ የተገኘው በስፍር ከተሰጠው ዓይነት ብቻም አይደለም። ስለዚህ ትኩስ ዓሣ መጀመሪያ የተናቀ ኋላ የከበረ ሳይሆን፥ ከመነሻው በማንም እጅ ያልተሰፈረ ምግብ ስለ ነበረ የደስታ ምግብ ነበረ። ዱቄቱ የጌታው ነው፤ ዓሣውና ሌሊቱ የራስ ናቸው።

ባለርስቶች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ (1861–1865) በኋላ፥ ነፃ የወጣ ሰው አድኖና አጥምዶ መብላት ከቻለ ለጥጥ እርሻ በትንሽ ደመወዝ አይገባምና፥ በጆርጂያና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩባቸው አውራጃዎች ማደንንና ማጥመድን የሚያጠብቡ ሕጎች ወጡ። እነዚህን ሕጎች እንደ ዱር አራዊት ጥበቃ ብቻ ማንበብ የዋህነት ነው።

ከ1910 እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ሲወጡ የዓሣ ጥብሱም ተከተላቸው። በሃርለም የቤት ኪራይ የጐደለበት ሰው በቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አዘጋጅቶ ዓሣ እየጠበሰ ይሸጥ ነበር፤ የሉዊ ጆርዳን የ1949 ዘፈንም በዚሁ በቅዳሜ ማታ የዓሣ ጥብስ ስም ወጥቷል። በዚያው ሰሜን አንድ ተቃዋሚ ተነሣበት። የኔሽን ኦቭ ኢስላም መሪ ኢላይጃ መሐመድ በ1967 ባሳተሙት የአመጋገብ መጽሐፍ አምባዛን ከለከሉ፤ ተከታዮቻቸውም በምትኩ ዋይቲንግ የሚባለውን የባሕር ዓሣ በየከተማው ሸጡ። በጣና ዙሪያ ያሉ ብዙ ምእመናን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛን እንደሚተዉ የሚያውቅ ሰው ክርክሩን አይስተውም፤ የኢላይጃ መሐመድ ዋና ምክንያት ግን ዓሣው ከወንዝ ግርጌ ቆሻሻ ይለቅማል የሚል ነበር።

ቀጣዩ ለውጥ በወንዙ ላይ ሆነ። በ1965 በሚሲሲፒ ሻርኪ አውራጃ የመጀመሪያው የገበያ አምባዛ ኩሬ ከተቈፈረ በኋላ የጥጥ ማሳዎች በየተራ ኩሬ ሆኑ፤ ፕሬዚዳንት ሬገንም ሰኔ 25 ቀን 1987ን የአምባዛ ቀን ብለው አወጁ። ዓሣው እህል እየበላ ስለሚያድግ የጭቃ ሽታው ቀነሰ፤ ቀድሞ ያልቀመሱት ሰዎችም በሉት። ቆዳውን የሚገፉትና የሚቈርጡት ግን በፋብሪካ መስመር የቆሙ፥ አብዛኞቹም ጥቁር ሴቶች ነበሩ። በመስከረም 1990 በኢንዲያኖላ ከተማ ዴልታ ፕራይድ በሚባለው ፋብሪካ 900 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የኩባንያው ባለአክሲዮኖች በአብዛኛው ነጭ የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ሴቶቹ ከደመወዙ ማነስ ሌላ ያሰሙት አቤቱታ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱበት ጊዜ ሳይቀር እየተቈጠረባቸው መሆኑን ነው። አድማው ሦስት ወር ያህል ቈይቶ በታኅሣሥ የደመወዝ ጭማሪ ባለበት ውል አበቃ።