የቢሃር የመሬት መንቀጥቀጥና የሰዎች አስተያየት

በጥር 7 ቀን 1926 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጃንዋሪ 15 ቀን 1934፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ በሰሜን ሕንድ ያለው የቢሃር ክፍለ ሀገርና ጎረቤቱ ኔፓል በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። ኃይሉ ዛሬ በሚለካበት መለኪያ ወደ 8 ይጠጋል። በቢሃር ከ7,000 በላይ፣ በኔፓልም ወደ 8,500 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። መሬቱ እንዴት እንደ ተናወጠ የሕንድ የሥነ ምድር ሊቃውንት በ1939 ባሳተሙት ዘገባ በሰፊው ስለ ገለጡት፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሰዎች ስለ መቅሠፍቱ ያሉትንና ያደረጉትን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የጉዳቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ቢሃር በዚያን ጊዜ በሕንድ ውስጥ ድኻ ከሚባሉት አገሮች አንዱ ሲሆን፣ ከጋንጀስ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለው ሜዳ ሕዝብ የተጨናነቀበት፣ አራሹም ዘሚንዳር ለሚባለው ባለርስት ግብር የሚከፍልበት ነበር። በሙንገር ከተማ ቤቱ ሁሉ በጠባብ መንገድ ላይ ተጠጋግቶ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ገበያተኛው ሸሽቶ የሚደርስበት ሜዳ ሳያገኝ ግንቡ ተናደበት። ሙዛፋርፑርም እንዲሁ ፈረሰች። በገጠሩ ግን የሆነው ሌላ ነው። ከቻምፓራን እስከ ፑርኒያ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ምድር ላይ፣ ውሃ ያዘለው አሸዋማ አፈር በመንቀጥቀጡ ጊዜ እንደ አጥሚት ቀጠነ፤ ቤቶችም እንደ ሌላው ስፍራ ተሰባብረው በመውደቅ ፈንታ አዘንብለው ወደ ምድር ሰመጡ። ከዚህም የተነሣና ሰዓቱ ቀን በመሆኑ ብዙ ሰው ከሞት ተረፈ። የተረፈው ሰው ግን እርሻው በአሸዋ ተሸፍኖ፣ የጉድጓድ ውሃው በአሸዋ ተደፍኖ አገኘው። ሸንኮራ አገዳው ለመቈረጥ በደረሰበት ወር የስኳር ፋብሪካዎቹ ተሰባብረው ስለ ነበር፣ ገበሬው አገዳውን የሚሸጥበት አጣ። የፈረሰ ከተማ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የተደፈነ ጉድጓድ ግን ፎቶግራፍ ለሚያነሣው ሰው ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ይህ ልዩነት ኋላ በእርዳታው አከፋፈል ላይ ሳይታይ አልቀረም።

ስለ ምክንያቱ ከተነገረው ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት የቀለለው የኮከብ ቈጣሪዎች ቃል ነው። በዚያ ወር ብዙ ፕላኔቶች በጀዲ ተሰብስበው ስለ ነበር መዓት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተተንብዮአል ይባል ነበር። ከዚያም ሌላ መንቀጥቀጥ ሊደገም ነው የሚል ወሬ እየተነሣ ሰዉን ያሸብረው ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አንቈይም፤ ታላቁን ክርክር ያስነሣው የሌላ ሰው ቃል ነውና።

ማሕተማ ጋንዲ በዚያን ጊዜ በደቡብ ሕንድ እየተዘዋወረ፣ «የማይነኩ» ተብለው ከጉድጓድ ውሃና ከቤተ መቅደስ ስለ ተከለከሉት ወገኖች ይሰብክ ነበር። በጃንዋሪ 24 ቀን በቲሩኔልቬሊ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገር፣ የቢሃር መቅሠፍት «የማይነኩ» በሚባሉት ላይ ስለ ተሠራውና ስለሚሠራው ኃጢአት ከእግዚአብሔር የመጣ ቅጣት ነው አለ። ከደቡብ ሆኖ ለሰሜን ገንዘብ እየለመነ፣ ለማኙም ለጋሹም ራሱን እንዲመረምር መፈለጉ ይገባናል። ጠያቂዎች ግን ወዲያው ተነሡ፤ ኃጢአቱ የሕንድ ሁሉ ከሆነ፣ እንዲያውም በደቡብ የሚብስ ከሆነ፣ ስለ ምን ቢሃር ተመረጠች? ለዚህ የሰጠው መልስ እኔ እግዚአብሔር አይደለሁም፤ የእርሱን ሐሳብ የማውቀው በጥቂቱ ነው የሚል ነበር።

ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ይህን ዝም ብሎ ሊያልፈው አልቻለም። በ«የማይነኩ» ላይ የሚደረገውን ግፍ በመንቀፍ ከጋንዲ ጋር አንድ መሆኑን አስቀድሞ ከገለጠ በኋላ፣ የተፈጥሮ አደጋ ምክንያቱ ከተፈጥሮ ሁኔታዎች መገጣጠም በቀር ሌላ እንዳይደለ፣ የሰው ኃጢአትም ምንም ቢበዛ የፍጥረትን አቋም ለማናጋት እንደማይበቃ ጻፈ። ዋናውን ጡጫ ያኖረው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። እንዲህ ያለው ክርክር ከጋንዲ ይልቅ ለተቃዋሚዎቹ ይስማማል፤ እነርሱም መቅሠፍቱን በጋንዲና በተከታዮቹ ላይ ሊያላክኩት ይችላሉ አለ። በእርግጥም የጥንቱን ሥርዐት አጥባቂዎች ምድር የተናወጠችው ጋንዲ የማይነኩትን ቤተ መቅደስ ላግባ ስላለ ነው ይሉ ነበር።

ጋንዲ የታጎርን ጽሑፍ ሐሪጃን በሚባለው በራሱ ጋዜጣ በፌብሩዋሪ 16 ቀን አሳትሞ፣ መልሱን አብሮ አወጣ። የተፈጥሮን ሕግጋት ሁሉ አናውቅም፤ እምነቴ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለእኔና ከእኔ ጋር ለሚያምኑ ንስሐ ስለሚያስገባን ይጠቅመናል የሚል ነበር። ተቃዋሚውን በራሱ ጋዜጣ እንዲናገር ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው። መልሱ ግን እኛን አላረካንም። ንስሐው የሚጠቅመው የሚያምነውን ሰው ከሆነ፣ በሙንገር ፍርስራሽ ሥር የሞተው ሕፃን ለሌላ ሰው ትምህርት ተብሎ ሞተ ማለት ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ቢሃር ውስጥ ከተጐዱት መካከል የማይነኩ የሚባሉት ራሳቸው ነበሩበት፤ በእነርሱ ላይ ስለ ተሠራው በደል እነርሱ ለምን እንደሚቀጡ የሚያስረዳ ቃል በመልሱ ውስጥ አላገኘንም። ጀዋሐርላል ኔህሩም በ1936 በታተመው የሕይወት ታሪኩ የጋንዲ ቃል እንዳስደነገጠውና ከታጎር ሐሳብ ጋር ሙሉ በሙሉ እንደ ተስማማ ጽፎአል።

ክርክሩ በጋዜጣ ሲካሄድ የአካፋው ሥራ በሌላ በኩል ተጀምሮ ነበር። የቢሃር ኮንግሬስ መሪ ራጀንድራ ፕራሳድ መንቀጥቀጡ ሲደርስ እስረኛ ሆኖ ይታከም ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተፈታና የቢሃር ማዕከላዊ የእርዳታ ኮሚቴን አቋቋመ። የእንግሊዙ እንደራሴም የራሱን የእርዳታ መዝገብ ከፍቶ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ገንዘቡን ለማን እንደሚያምን በሁለት መዝገብ ተፈተነ። ለእስር ቤት ሰው ከሁለት ሚሊዮን ሩፒ የበለጠ ገንዘብ መዋጣቱ ለመንግሥቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ኔህሩ ፍርስራሹን ተዘዋውሮ ካየና በሙንገር ራሱ አካፋ ይዞ ከቈፈረ በኋላ፣ መንግሥቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈዞ ነበር ብሎ ነቀፈ። ቤቱ እንደ ተመለሰም በፌብሩዋሪ 12 ቀን ተያዘ፤ የተከሰሰው ቀደም ሲል በካልካታ ስላደረገው ንግግር ነው።

ያም ሆኖ ችግሩ ጠላቶቹን አቀራረባቸው። በማርች ወር ጋንዲ ቢሃር ገብቶ ሳለ፣ ኮሚቴው ከመንግሥት ጋር በአክብሮት ተባብሮ እንዲሠራ በእርሱ አሳሳቢነት ወሰነ። ሒሳቡን እንዲቈጣጠር ጄ. ሲ. ኩማራፓ የተባለው በሎንዶን የሠለጠነ የሒሳብ ዐዋቂ ተሾመ፤ እርሱም ለድኾች የተዋጣው ገንዘብ ለጋንዲ አጀብ ወጪ አይሆንም ብሎ እንደ ከለከለ ይተረካል። እውነት ከሆነ፣ በዚያ ዘመን ከተነገሩት ስብከቶች ሁሉ ይህ ክልከላ ለተጐዳው ሕዝብ የቀረበ ይመስለናል።

ስለ አከፋፈሉ ግን ማመስገኑ ብቻ አይበቃም። በቅርብ ዓመታት የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በመንግሥቱም በበጎ አድራጊዎቹም ዘንድ በይበልጥ የታዘነለት መካከለኛው የከተማ ሰው ነበር። ይህ ሰው የግንብ ቤቱን አጥቶአል፤ ለመለመን ያፍራል፤ የጉልበት ሥራ አይለምድም ተባለ። የጉልበት ሠራተኛው ጎጆውን በጥቂት ቀን ይቀልሳል፣ ፍርስራሽ በማንሣትም ደመወዝ ያገኛል ተብሎ ታለፈ። የቤት መሥሪያ ብድርም በባሕርዩ የሚያስይዘው ላለው ሰው ነው። አሸዋ ከእርሻ ለማንሣት የተሰጠው ድጎማም መሬት ያለውን እንጂ በሰው መሬት የሚያርሰውን ቀን ሠራተኛ በቀጥታ አይደርሰውም። ድኻው አስቀድሞ ብዙ ስላልነበረው ብዙ አልጠፋበትም የሚለው አቈጣጠር በሩፒ ሲሰላ ትክክል ይመስላል፤ የዓመት ቀለቡን ላጣው ሰው ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

ጋንዲ በበኩሉ በየመንደሩ እየዞረ፣ እርዳታ የሚቀበሉት ሰዎች በልመና ሳይሆን ሠርተው እንዲበሉ፣ በአከፋፈሉም የዘር ልዩነት እንዳይደረግ ይናገር ነበር። በአፕሪል 2 ቀን እዚያው ቢሃር በሳሐርሳ ሳለ፣ ሕዝባዊው የእምቢተኝነት ትግል እንዲቆም የሚያዝዘውን መግለጫ አረቀቀ። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ደግሞ በጃሲዲህ የባቡር ጣቢያ አጠገብ የጥንቱን ሥርዐት አጥባቂዎች መኪናውን በዱላ መትተው የኋላ መስተዋቱን ሰበሩት። መሬቱ ከተናወጠ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር፤ ቦታውም በዚያን ጊዜ እዚያው ቢሃር ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረ።