ባሕር የተዋት ደሴት

ከወልድያ ተነሥቶ መርሳንና ውርጌሳን፥ ቀጥሎም ውጫሌን አልፎ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ፥ ደሴ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በስተግራው የሐይቅን ባሕር ያያል። በባሕሩ ምዕራባዊ ዳር ዛፍ የለበሰች፥ ምላስ የመሰለች ምድር ወደ ውኃው ገብታለች፤ እርስዋም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ናት። ዛሬ በእግር ይገባባታል፤ ጥንት ግን ዙሪያዋን ውኃ የከበባት ደሴት ነበረች።

ስለ አፈጣጠርዋ የአገሩ ሰው የሚተርከው አለ። አንዲት የመሳፍንት ልጅ ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ፥ ነፍሰ ጡሪቱ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር ምድሩን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ያቺ የተረፈች ስፍራ ደሴቲቱ ናት ይላሉ። ይህ ተረት ቢሆንም፥ ደሴቲቱን የተበደለ ሰው መጠጊያ አድርጎ ማሰቡ ከኋላ ታሪክዋ ጋር የተስማማ ነው።

በ1240 ዓ.ም. ገደማ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ፥ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን ተቀብለው፥ ወደዚህች ደሴት መጡ። በእርሳቸውም ዘመን ስፍራዪቱ የጸሎት ብቻ ሳትሆን የትምህርት ቤት ሆነች። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚህ ተምረዋል። የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም ከዚሁ ወጡ ይባላል፤ ስለዚህ ደሴት ደሴትን ወለደች ማለት ይቻላል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት የሚሰማ ሰው ነበረ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበሩት ዐምኃ ጽዮን በዚህ የታወቁ ናቸው።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ባሕር በጽሑፉ አንሥቶታል። የመነኮሳቱን ብዛት፥ ሎሚውንና ትርንጎውን፥ የሚሻገሩበትን የሸምበቆ ታንኳ፥ ጉማሬውንም ይተርካል። ስለ ዓሣው ሲናገር ግን ብዕሩ ይበልጥ ይስላል፤ ራሱ እጅግ መልከ ጥፉ፥ ሥጋው ግን የሰባና የሚጣፍጥ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ይህ አምባዛ መሆኑን ባሕሩን የሚያውቅ ሰው አይስተውም። አሁን አጥማጆች የሚያወጡት ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የተጨመረ እንግዳ ነው።

አልቫሬዝ ካገሩ ከወጣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፥ በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከባሕሩ ዳር ደረሰ። ውኃው ለጥቂት ጊዜ አገደው፤ መሻገሪያ ከተሠራ በኋላ ግን የገዳሙ ወርቅና ንብረት ተወሰደ። ይህንም የኢማሙ ታሪክ ጸሓፊ ዐረብ ፋቂህ ራሱ ጽፎታል።

ከዚያ ወዲህ ውኃው ራሱ ደሴቲቱን ተዋት። ሐይቅ ጥልቀቱ 88 ሜትር ቢደርስም መውጫ ወንዝ የለውም፤ በዝናብና በጅረት የገባለትን ፀሐይ ትመጠዋለች። ስለዚህ የሚገባው ባነሰ ጊዜ ዳሩ ወደ ውስጥ ይሸሻል። በዘመን ብዛትም በደሴቲቱና በየብሱ መካከል የነበረው ስስ ውኃ ደርቆ፥ አንገት የመሰለ ምድር ተገለጠ፤ ታንኳው የሚቀዝፍበት ስፍራ የእግር መንገድ ሆነ።

ባሕሩ ያልጠበቀውን ግን መነኮሳቱ ጠብቀውታል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል ወርቁ ሲወሰድ አልጠፋም፤ ውኃው ሲሸሽም ከዚያው ነበረ። በውስጡ የእርሳቸው ሥዕል ይገኛል፤ በባዶ ገጾቹም ለገዳሙ የተሰጠው ስጦታ ከነሰጪው ስም ተመዝግቧል።