ከሶንጎ እስከ ልምምድ ሜዳ፤ የአመራርና የአሰልጣኝ ቅርበት በጌዴኦ ምድር

የስፖርት ኃላፊና አሰልጣኝ የሚገናኙበት መንገድ በውልና በደመወዝ ብቻ የሚወሰን ሳይሆን በአካባቢው የአመራር ልማድም የሚቀረጽ በመሆኑ፣ ጉዳዩን በዲላና በጌዴኦ ዞን የሚያጠና ሰው ከእግር ኳሱ አስቀድሞ ሶንጎን ማወቅ ይኖርበታል። ሶንጎ የአንድ አካባቢ ሰዎች ስለ ጋራ ጉዳያቸው የሚመክሩበትና ጠብ የሚያበርዱበት ባህላዊ ሸንጎ ሲሆን፣ ጉባኤውን የሚመሩት ሀይቻ የሚባሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ሶንጎ የባሌ ሥርዓት አካል ነው፤ ባሌ በዕድሜ እርከን ላይ የቆመ፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፍበትና አባ ገዳ የበላይ የሆነበት የጌዴኦ አስተዳደር ነው። በዚህ ሥርዓት መሪና ተመሪ በአካል ይተዋወቃሉ፤ ደራሮ በሚባለው የምስጋና በዓል ሕዝቡ ስጦታ ይዞ አባ ገዳው ዘንድ ሲቀርብና እርሱም ሲመርቅ፣ የሚታደሰው የሁለቱ ትውውቅ ጭምር ነው።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ስፖርት በጀመረበት ዘመንም ተመሳሳይ ቅርበት ነበር፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው፤ ባለሙያ ጥቂት በመሆኑ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ሥራ ደርቦ ይይዝ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በክብር ዘበኛ የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ከመስጠቱም በላይ አበበ ቢቂላን ለ1952ቱ የሮም ማራቶን አዘጋጅቷል። ይድነቃቸው ተሰማ በበኩላቸው የእግር ኳስ አስተዳደሩን ከመሠረቱት አንዱ ሆነው ሳሉ፣ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት መርተዋል። ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ቢሮውን ሲይዝ የአሰልጣኙ ችግር በደብዳቤ እስኪገለጽለት አይጠብቅም፤ የዚያ ትውልድ ትልቁ ሀብት ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ኋላ ሥራው ሲሰፋ ኃላፊነቱ ተከፋፈለ። ክለቡን የሚያስተዳድረው ሥራ አስኪያጅ፣ ተጫዋቾቹን በጉዞና በውድድር የሚያስተባብረው ቡድን መሪና ልምምዱን የሚሰጠው አሰልጣኝ የተለያዩ ሰዎች ሆኑ፤ የከተማ ወይም የዞን ስም በያዙ ክለቦች ደግሞ በጀት የሚመድበው የመንግሥት መዋቅር ተጨመረበት። በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተሳተፈው ጌዴኦ ዲላ የዞኑንም የከተማውንም ስም በአንድነት የተሸከመ ቡድን ነው፤ እንዲህ ባለ ቡድን አሰልጣኙ ከኃላፊዎቹ ጋር የሚገናኘው ውጤት ሲጠፋ ብቻ ከሆነ፣ ንግግሩ ከምክክር ይልቅ ምርመራ ይመስላል። ለምክክሩ አርአያ የሚሆን ሥርዓት ግን እዚያው አካባቢ አለ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አዋህዶ የያዘው እርሻ ብቻ ሳይሆን ያንን እርሻ የጠበቀው የሽማግሌዎች ሥርዓትም ዕውቅና አግኝቷል፤ ከልምምድ ሜዳው ብዙ ሳይርቅ ዛሬም የሚሰበሰበው ሶንጎ ለክለብ አመራር የቅርብ ጎረቤት ነው።