ለጆርናሉ የሚጠየቀው ማን ነው?

ስለ ምርምር ጆርናሎች ተአማኒነት ሲነሳ ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ለገምጋሚዎች ይሰጣል። የኤዲቶሪያል ቡድኑ ደብዳቤ ተቀብሎ ከማስተላለፍ ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም። የሙያው ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፦ ጆርናል ከመሥራቹ ዕድሜ አልፎ መኖር የቻለው፣ ለሚታተመውም ለሚጣለውም ጽሑፍ በጋራ የሚጠየቅ ቡድን ሲያገኝ ነው። ገምጋሚው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቡድኑን ሊያግዝ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የለንደኑ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መጽሔቱ በመጋቢት 1665 ሲጀመር የአንድ ሰው ሥራ ነበር። የብሬመኑ ተወላጅ ሄንሪ ኦልደንበርግ የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ነበርና ከአውሮፓ ሊቃውንት የሚደርሰውን ደብዳቤ እየመረጠ፣ እየተረጎመና እያሳጠረ በራሱ ኃላፊነት ያወጣ ጀመር፤ ትርፍ ቢገኝም የእሱ ነው። የማኅበሩ ምክር ቤት የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ በቂ ጽሑፍ ካለ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ይውጣ፤ አስቀድሞም ጥቂት አባላት ይመልከቱት። በ1667 እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር ስትዋጋ፣ ኦልደንበርግ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በሚጻጻፈው ተጠርጥሮ ሁለት ወር ያህል በለንደን ታወር ታሰረ፤ ኅትመቱም አብሮት ቆመ። በ1677 ሲሞት ኔሄማያ ግሩ ጥቂት ገፋው፣ ከዚያም እስከ 1683 መጽሔቱ አልወጣም። ኦልደንበርግን የሚያህል አዘጋጅ በዚያ ዘመን አልነበረም ማለት ይቻላል። ብቃቱ ግን መጽሔቱን ከእስሩም ከሞቱም አላዳነውም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎችም፣ ኤድመንድ ሃሌይና ሃንስ ስሎን ጭምር፣ በዚያው መንገድ ቀጠሉ። ማኅበሩም ስሙን ያገኝበት ነበር እንጂ ኃላፊነቱን አልወሰደም። ይህን ያስቆመው ውርደት ነው። በ1751 ጆን ሂል የተባለ መድኃኒት ቀማሚና የዕፅዋት ተመራማሪ፣ በመጽሔቱ የወጡ ጽሑፎችን እየነቀሰ የሚያላግጥ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ሂል የማኅበሩ አባል ለመሆን ፈልጎ ያልተሳካለት ሰው ነበርና ቂሙ ከገጽ ገጽ ይታያል፤ ቂመኛ ያለው ሁሉ ግን ሐሰት አይሆንም። በዓመቱ፣ በ1752፣ ማኅበሩ መጽሔቱን ተረከበና በድምፅ የሚወስን የጽሑፎች ኮሚቴ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ያወጣው ማስታወቂያ ዛሬም የኤዲቶሪያል ቦርድ አባላት ቢያነቡት የሚጠቅም ነው። እስከዚያ ድረስ የወጣው ሁሉ የየጸሐፊዎቹ የግል ሥራ እንደነበረ ገልጾ፣ ከእንግዲህ ኮሚቴው የሚመርጠው በጉዳዩ ክብደትና በአቀራረቡ እንደሆነ፣ የጽሑፉ እውነትነት ግን በደራሲው ላይ እንደሚቆይ ይናገራል። ከኃላፊነት መሸሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ትክክለኛ የሥራ ክፍፍል ሆኖ አገኘዋለሁ። ኮሚቴው ስለ ምርጫው ሊጠየቅ ይችላል፤ ለምሳሌ «ቬነስን በመነጽሬ አየሁ» ለሚለው ቃል ግን የሚጠየቀው ደራሲው ነው።

እውነትን የሚያጣራው ገምጋሚው እስከሆነ ድረስ ቡድን ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። የመጀመሪያው የጽሑፍ ግምገማ ራሱ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በ1831 የማኅበሩ አባል ዊልያም ሂዌል፣ ለኅትመት የሚቀርብ ጽሑፍ በሁለት አባላት ተመርምሮ አስተያየታቸው በጽሑፍ ይቅረብ አለ። ሂዌልና ጆን ሉቦክ የጆርጅ ኤሪን የሥነ ፈለክ ጽሑፍ ወሰዱና ወዲያው ተለያዩ፤ አንዱ የግኝቱን ታላቅነት ለማጉላት፣ ሌላው የስሌቱን ጉድለት ለመንቀስ ፈለገ። የተስማሙት ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ሁለት ሊቃውንት በቅንነት ሲለያዩ ሦስተኛ ግምገማ መጨመር ክርክሩን ያበዛዋል እንጂ አይዘጋውም፤ ወስኖ ለውሳኔው የሚቆም ወገን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ቡድን አዲስ ሐሳብን ይገድላል። በ1845 በቦምቤይ የሚያስተምረው ጆን ጀምስ ዋተርስተን፣ የጋዝ ግፊትና ሙቀት ከሞለኪውሎች እንቅስቃሴ እንደሚመነጭ የሚያስረዳ ጽሑፍ ላከ። አንዱ ገምጋሚ እርባና ቢስ አለው። ጽሑፉ ሳይታተም ቀረ፣ ለባለቤቱም አልተመለሰም፤ በ1883 ሲሞት ሥራው ከማኅበሩ መዝገብ ቤት አልወጣም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ አግኝቶ ያሳተመው በ1892 ነው። ጽሑፉ ተጠብቆ የቆየው ማኅበሩ መዝገብ የሚይዝ ተቋም ስለነበረ ነው፤ በኦልደንበርግ ዘመን በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ቢጣል ኖሮ ስህተቱን የሚያርም ወራሽ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ይህ ግን ለዋተርስተን ምንም አልፈየደለትም፤ ቡድኑንም ከጥፋቱ ነጻ አያወጣውም። ሬይሊ በመግቢያው ላይ፣ ስማቸው ያልታወቀ ደራሲዎች ደፋር ሐሳባቸውን መጀመሪያ በሌላ መንገድ ቢያወጡት ይሻላል የሚል ምክር ጨምሯል። ምክሩ የተሰጠው ለተሳሳተው ሰው አይደለም። ሊመከር የሚገባው ኮሚቴው ነበር፦ ጽሑፍ ስትጥሉ ምክንያቱን ለደራሲው ጻፉ፣ ጽሑፉንም መልሱለት፣ ከገምጋሚው ጀርባም አትደበቁ።